ዳገት ላይ ስትነሳ

ሸጎሌ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዱጉማ፣

ከቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታ ይድረስዎ። ባለቤትዎ እትዬ መሰለች ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን እንደ ልማዳቸው ያማቸዋል። ስለ እርስዎ ሲጠየቁ ግን "የድንጋይ ካባ ውስጥ ያለ ሰው ከድንጋዩ ሌላ ምን ይነካዋል?" እያሉ ይስቃሉ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈሀድ በውሃ ቦቴው ያመጣልኝን የእርስዎን ወረቀት ሦስት ቀን ሙሉ በኪሴ ይዤው ዞርኩ። "ምን አደረግሻት?" ብቻ ይላል፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። እርስዎ ሰላምታ ሲረሱ ነገሩ ከባድ ነው።

ያደረግሁት ይኸውልዎ። ገልባጭዎ ለዓመታዊው ምርመራ ጋራዣችን ስትመጣ ጭሷ የሸጎሌን በጎች ያስነጥስ ነበር። አለቃዬ ማስተር ስብሐት "የነዳጅ ፖምፓውን ዝጊላትና ቦሎዋን ታግኝ፤ ነገ መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ" አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እርስዎም ያውቁታል። ለምርመራው ቀን ብሎኑን አጥብቆ ነዳጁን መቀነስ፣ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ መልሶ ማላላት። እኔም ዘጋሁት፤ አለፈች። በማግስቱ ግን አልከፈትኩትም። አምስት ዓመት የተማርኩት መርማሪ ለማታለል አይደለም ብዬ ብሎኑን በሽቦ አሰርኩት፣ በእርሳስ አተምኩት፣ በላዩም ቀይ ቀለም ቀባሁበት። ጋሼ፣ በራሴ እጅ የጨረስኩት የመጀመሪያ ሥራዬ ናት። ጭስ የሌላት ገልባጭ ከሸጎሌ ስትወጣ ባየሁ ጊዜ አልቅሼ ነበር፤ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።

የገልባጯ ባለቤት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ የተናገሩትንም ሰምቻለሁ። ጋራዣችን በር ላይ ቆመው ነው፣ "ዱጉማ እስከ ገና በቀን አራት ምልልሱን ካልሞላ መሪውን ለጎረምሳ እሰጠዋለሁ" ያሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱ ሰው እንዲህ ሲባል መስማት ያማል። እኔ እያለሁ ከዚያ ወንበር ማንም አያስነሳዎትም። ብቻ ይጻፉልኝ፤ ዳገቱ ላይ ምን ትሆናለች? ነዳጅ ሲረግጡ ምን ያህል ቆይታ ነው የምትመልስልዎ?

ልጅዎ ሊሚ


ካባው፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊሚ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ አቧራችንን ጠግበን እናድራለን። ተቆጥቼ አይደለም ያን ጊዜ አጭር የጻፍኩት፤ ደክሞኝ ነው። እዚህ ስልክ አይሠራም፤ ቢሠራም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።

ክርን የምንለው መታጠፊያ አለ። ከጉድጓዱ ጭነን ስንወጣ መንገዱ እንደ ክንድ የሚታጠፍበት ነው፤ በአንዴ ሁለት መኪና አያሳልፍም። ባዶው ሲወርድ የተጫነው በተራራው ጥግ ቆሞ ይጠብቃል። መቆሙ ቀላል ነው። መነሳቱ ነው ሰውን የሚያስረጀው። ፍሬን ለቅቄ ነዳጅ እረግጣለሁ፤ ዝም። ደግሜ እረግጣለሁ፤ ዝም። ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ጠርተሽ እስኪዞር እንደምትጠብቂው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትቆጥሪያለሽ፤ ከዚያ እያቃሰተች ትነሳለች። ድሮም ዘገምተኛ ናት፤ ግን ጭሷን አንቦልቡላ ትወጣው ነበር። አሁን ጭሱም የለ፣ ጉልበቱም የለ። ፍሪሲዮን እያቃጠልኩ ነው የማወጣት። በቀን ሦስት ምልልስ ከሞላሁ ያ ቀን በዓል ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ተጭና ስትጨነቅ ታፏጫለች። ባዶዋን ዝም ናት። ድምፁ በቀኝ በኩል ከወለሉ ሥር ነው የሚመጣው።

የካባው ሜካኒክ "ይቺን ማኅተም በካቻቪቴ በጥሼ በአምስት ደቂቃ ጉልበቷን ልመልስልህ" አለኝ። እምቢ አልኩት። የልጄ እጅ ያለበትን ሌላ አይፈታውም አልኩት። "ታዲያ ዳገቱን ማኅተሙ ያውጣህ!" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። አንቺ ግን ነገሩን አስቢበት፣ ኢንጂነር። ገና ደርሷል።

አጎትሽ ዱጉማ


ሸጎሌ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ!

ማኅተሜን ስላስከበሩልኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ? ደብዳቤዎን ለማስተር ስብሐት ሳነብላቸው ሳቁ። "እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢኖረኝ ይሄኔ ፎቅ ሠርቼ ነበር" አሉ። መጥቼ ልያት ብዬ ፈቃድ ብጠይቃቸው ግን ከለከሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ እስከ የካቲት ነው፤ እስከዚያ ከጋራዡ ንቅንቅ የለም።

ቢሆንም አስቤበታለሁ፤ ሁለት ሌሊት ወረቀት ሳበላሽ ነው ያደርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርቦው ለሞተሩ አየር የሚነፋው በራሱ በሞተሩ የጭስ ትንፋሽ እየተሽከረከረ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ትንፋሹ ደካማ ነው፤ ቱርቦውም ያንቀላፋል። እርስዎ ሲረግጡ መጀመሪያ እሱ መንቃት አለበት። ያቺ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው የሚቆጥሯት ጊዜ እሷ ናት። በኔ ስሌት በደቂቃ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዙር በታች አይነቃም። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ከመልቀቅዎ በፊት ዙሩን ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ያድርሱት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይልቀቁ። ይህን ብቻ ያድርጉልኝ።

ስለ ፉጨቱ አያስቡ። ቱርቦ ያለው ሞተር ሁሉ ያፏጫል። እዚህ ጋራዥ ቆማ ነዳጅ ስረግጥላት ወዲያው ነበር የምትጮኸው፤ ምንም እንከን አላገኘሁባትም። ፖምፓውን ግን አደራዎን አያስነኩ። ከገና በኋላ ትመጣና እኔው ራሴ አጣራታለሁ።

አራተኛውን ምልልስ የሞሉ ቀን በፈሀድ በኩል አንድ ቃል ይላኩልኝ። በቃ፣ "ሞላ" ይበሉኝ።

ሊሚ


ካባው፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊሚ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጽሕፈቱ ግር እንዳይልሽ፤ የምትጽፍልኝ ኡመይማ ናት፣ እዚህ ሚዛኑ ላይ የምትመዘግበው። እጇ ያምራል። እኔ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው።

መኪናዋ ትንሽ አርፋለች። እኔም አርፌያለሁ። ዕረፍት ስላልለመድን ከበደን እንጂ ክፉ ነገር የለም። ያልሽኝን ዙር ሞክሬዋለሁ። ደህና ነው። እንዲያው ደህና ነው።

ለገና አልመጣም። ለመሰለች ሥራ በዝቶበት ነው በያት፤ ብዙ አታስረጃት፣ ብዙ ካስረዳሻት ትጠረጥራለች። ዳገቱ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ዳገቱ እዚያው ነው።

ማኅተምሽ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ዱጉማ


ሸጎሌ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ መነጽር አድርገው አያውቁም እኮ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቆሜ ነው። ከዚያ ፈሀድን በግ ተራው ጋ ቦቴውን አቁሞ ሙክት ሲያማርጥ አገኘሁት።

"ጋሼ ዱጉማ ደህና ናቸው?" አልኩት።

"እ... ማለቴ፣ ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል።"

"በየትኛው እጃቸው ነው የሚበሉት?"

እንዴት አፌ ላይ እንደመጣ አላውቅም። ፈሀድ የበጉን ቀንድ ለቀቀ። "አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነበር መሆን የነበረብሽ" አለኝና ሁሉንም ዘረገፈው። ክርን ላይ ባዶ መኪና ለማሳለፍ መቆምዎን። ሲነሱ ሞተሯ ታንቆ መጥፋቱን። ወደኋላ ስትንከባለል ከገደሉ አፍ መልሰው ከተራራው ጋር እንዳላተሟት፤ መሪው ተፈናጥሮ የቀኝ እጅዎን አንጓ እንደሰበረው። "የሹፌር ጥፋት" የሚል ወረቀት ቀርቦልዎ በግራ እጅዎ እንደፈረሙበትም ነገረኝ። "ያ ወረቀት ማኅደሩ ውስጥ እያለ ማን ሹፌር ነው ብሎ ያስቀምጠዋል?" አለኝ፤ እንደ መሳደብም አድርጎታል።

መኪናዋ ትናንት ተጎትታ ገባች። ማንም ሳይነካት ቀድሜ ሥሯ ገባሁ። አየሩን ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚያሻግረው ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ። ከጎረቤት ጎሚስታ የነፋስ ቱቦ ስቤ ጎማውን ነፋሁትና በሳሙና ውሃ ቀባሁት። በታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ አረፋው ተንጨፈጨፈ። የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ባዶዋን ስትሆን ግፊት ስለሌለ ስንጥቁ ገጥሞ ይዘጋል። ስትጫን ይከፈታል፤ አየሩ በዚያ ያመልጣል፤ ሲያመልጥ ያፏጫል። በቀኝ በኩል፣ ከወለሉ ሥር። ነግረውኝ ነበር።

ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዛ ማለት ብቻ ሳይሆን አየር አነሰ ማለትም ነው። ይህን ሦስተኛ ዓመት ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። አየሯ የት እንደሚሄድ ሳልጠይቅ ያለቻትን ነዳጅ ቀማኋት። ባዶዋን፣ ሜዳ ላይ፣ አቁሜ ፈተሽኳትና "እንከን የለባትም" ብዬ ጻፍኩልዎ። ዳገቱን የሚያውቁት እርስዎ፣ ዙር የማስተምርዎ እኔ!

ለወይዘሮ ዓለምፀሐይ ሁሉንም ልጽፍላቸው ነው። ጥፋቱ የሹፌር እንዳልሆነ። እትዬ መሰለች እስካሁን አያውቁም። ከነገ ወዲያ ጾም ሊፈቱ ነው፤ በግ ሳይሆን ዶሮ ነው የገዙት፣ "ሰው ሲጎድል በግ አይበላም" ብለው።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት። አነሰብኝ።

ሊሚ


ካባው፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊሚ፣

ሰላምታውን ዛሬ እለፊው። ያንን ደብዳቤ እንዳትሰጪ።

ሰማሽኝ? ቀድደሽ ጣይው። እኔ ስድሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። የሹፌር ጥፋት ቢባል ማን ይደነቃል? ሹፌር ሲዘገይም፣ ሲፈጥንም፣ ሲቆምም ጥፋተኛ ነው። አንቺ ግን ገና ስምሽን ልታበጂ ነው። በመጀመሪያው ዓመትሽ "መኪና ያስገለበጠች" ከተባልሽ ከሸጎሌ እስከ መርካቶ ኪያቤ የሚያስጨብጥሽ የለም። ይህን አውቄ ነው የፈረምኩት። የታወርኩ አይምሰልሽ።

ደግሞስ ፊርማዬ ውሸት ነው? ሜካኒኩ ማኅተሙን ልበጥሰው ሲለኝ እሺ ብለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ አልያዝሽኝም፣ አላሰርሽኝም። ጉልበት እንደሌላት እያወቅሁ ስድስት ሳምንት ክርን ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ሰነፍ በዪኝ። በስሜት የሚነዳ ሽማግሌ በዪኝ። (ቃል በቃል ጻፊ ብሎኝ ነው። ኡመይማ።)

እጄ እየዳነ ነው። ወጌሻው ሲያየው ይድናል አይድንም ሳይል ስለ አየሩ ጠባይ ነው ያወራኝ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወደኋላ ተንከባልዬ አላውቅም ነበር። ይህን አትጻፊው፣ ኡመይማ። (ጻፍኩት።)

ዱጉማ


ሸጎሌ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን አሉልኝ? ከእጅዎ ሕመም ጋር የኔን ነገር ደርቤብዎ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ቀድደሽ ጣይው" የሚለው ሲደርሰኝ ደብዳቤው ከተሰጠ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ቀድሞ ቢደርሰኝም እሰጠው ነበር። አልዋሽዎትም።

ማስተር ስብሐት ሲሰሙ የያዙትን ብሎን ጣሉት። "እናንተ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዝም ማለት የሚባል ትምህርት የለም እንዴ?" አሉኝ። "ክፈቺው ብዬሽ ነበር! ብትከፍቺው ኖሮ ታጨስ ነበር እንጂ ሰው አትሰብርም ነበር።" ልክ ናቸው። ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔም ጎማውን አላየሁትም" አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ጋራዥ ያስተዳደሩ ሰው ይህን ሲናገሩ መስማት ደስ አይልም፤ ፊታቸው በአንድ ቀን አረጀብኝ። የሙከራ ጊዜዬን ስድስት ወር ጨመሩብኝ። አላባረሩኝም።

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ደብዳቤዬን ፊት ለፊቴ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከመሳቢያቸው የእርስዎን ወረቀት አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡት።

"አንዱ 'ጥፋቱ የኔ ነው' ብሎ ፈርሟል፤ አንዷም 'ጥፋቱ የኔ ነው' ብላ ፈርማለች" አሉ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥፋተኛ ጠፍቶብኝ ነው የተቸገርኩት፤ ተርፎኝ አያውቅም።"

ከዚያ የእርስዎን ወረቀት በሁለት መስመር ሰርዘው "የመኪና ብልሽት" ብለው ጻፉበት፤ ማኅተማቸውንም መቱበት። ቅጂው ከዚህ ጋር አለ። ስምዎ ነጽቷል፣ ጋሼ።

ወንበሩን ግን አላስመለስኩልዎም። "በተሰበረ አንጓ ያን ማርሽ ማን ያስገባዋል? አታልቅሺብኝ፣ እኔም አዝኛለሁ" አሉኝ። ፈሀድ ነው የሚነዳት። አንድ ነገር ግን ከአፋቸው አወጣሁ፦ አንድ ወር አጠገቡ ተቀምጠው ዳገቱን እንዲያሳዩት። በሙሉ ደመወዝ። እምቢ ቢሉም ይገባኛል።

ጎማውን በአዲስ ቀየርኩ። ማኅተሜን ራሴ በጠስኩትና ነዳጁን ለሞተሯ በተጻፈው ልክ መልሼ አስተካከልኩት። ከዚያ ጠጠር አስጭኜ ከሸጎሌ ወደ እጽዋት ማዕከሉ የሚያወጣውን ዳገት ከፈሀድ ጋር ወጣን። መሃል ላይ አስቆምኩት፤ አስነሳሁት። ሰባት ጊዜ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች "ምን ሆናችሁ ነው?" እያሉ እስኪቆሙ ድረስ። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዙር ጀምሮ ትጎትታለች። ጭስ የለም። ግን የኔን ወረቀት እንዳያምኑ። ክርን ላይ ቆማ ካልተነሳች ለኔ ገና አልዳነችም። ያዩትን ይጻፉልኝ።

ለእትዬ መሰለች ነገርኳቸው። ቀኝ እጅዎን የሚያስገቡበት ሰፊ እጅጌ ያለው ሹራብ መሥራት ጀምረዋል።

ሊሚ


ካባው፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊሚ፣

ይህን በግራ እጄ ነው የጻፍኩት፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ጠጥቶ ነው እንዳትይ። ኡመይማ ልጻፍልህ ብላኝ ነበር። የዛሬውን እኔው ልጻፈው አልኳት።

የወይዘሮዋን ወረቀት አየሁት። ሁለት ጊዜ አጥፌ ከመታወቂያዬ ጋር አስቀመጥኩት። ቃሌን ስላልሰማሽ ተቆጥቼሻለሁ፤ ቁጣው ግን ሌሊቱን አላደረም።

ከፈሀድ ጋ ተስማምተን እየሠራን ነው። የውሃ ቦቴ ሹፌር ነውና ሁሉን ነገር ውሃ ይመስለዋል፤ መታጠፊያ ላይ ይፈስሳል። "ጋሼ፣ ዛሬ ዝም እላለሁ ብለህ አልነበር?" ይለኛል። ዝም እላለሁ እላለሁ፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አፌ ይከፈታል። መሪ ሳይዝ ሰው መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ አላውቅም። እጄን የት ላድርገው? መስኮቱን እይዛለሁ፣ ጉልበቴን እይዛለሁ፣ ሹራቡን እጎትታለሁ። አምስተኛው ቀን ላይ ነው ወገቤ መዛሉን ያወቅሁት፤ ከመንዳት ይልቅ መቀመጥ ያደክማል።

ስለ ክርን ጠይቀሽኛል። ትናንት ጧት ሙሉ ጭነት ይዘን ደረስን። ባዶ መኪና ከላይ ሲወርድ አየንና ፈሀድ በተራራው ጥግ አቆማት። ያው ቦታ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የቀለሟ ጭረት አለ። ባዶው አለፈ። ፈሀድ ላቡን ጠረገና ማርሽ አስገባ፤ ፍሬን ለቀቀ።

ቀኝ እግሬ እኔን ሳያማክር ወለሉን ረገጠ። እኔ ባለሁበት በኩል ነዳጅ መስጫ የለም፤ ባዶ ላሜራ ነው። በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩት። በረገጥኩባት ቅጽበት፣ ልጄ፣ ተነሳች። አንዲት ጣት ወደኋላ አላለችም። ጭነቷን ይዛ ክርንን ዞረችው።

ፈሀድ ሰርቆ እግሬን አየው።

"ጋሼ፣ አሁን ማናችን ነን የነዳናት?"

"መንገድህን እይ" አልኩት።

አጎትሽ ዱጉማ